እትዬ የሺ ያዘሩት ገብስ

ሹማምንቱ በድንኳኑ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ካህናቱ በስተቀኛቸው፣ ከአሰላ የመጡት ተማሪዎች ስልካቸውን አንስተው ከፊት፣ በሬ ነጂዎቹ አውድማው መካከል ቆመዋል። እኛ ሴቶቹ ከገመዱ ውጪ ነበርን። አያቶቻችን ከሸዋ መጥተው በሠፈሩባት፣ ከበቆጂ ወዲያ ባለችው በዚህች መንደር የመኸር በዓል እንዲህ ሲከበር ያየሁት ዘንድሮ ነው። የደረቀ የገብስ ገለባ ሽታ አፍንጫዬን ሲኮረኩረው ሳላስበው ወደ ገመዱ ተጠጋሁ።

«እማማ፣ ሴት አውድማ አትገባም። ባህላችን ነው» አለኝ ማይክሮፎን የያዘው ወጣት።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከድሮም!»

«ድሮ እኔ ነበርኩበት» አልኩት። ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ልጅ ሳለሁ በዚሁ አውድማ እትዬ የሺ ገብስ ሲያዘሩ በዓይኔ አይቻለሁ።

እትዬ የሺ ጎረቤታችን ነበሩ። አጭር፣ ድምፀ ወፍራም። ጓሯቸው ውስጥ ስለሚውሉ እጃቸው ሁልጊዜ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላል። ልጅ ሲያቆላምጡ ሰምቼ አላውቅም።

ገብሱ በታጨደ ሰሞን ባላቸው ሞቱ። ወንድ ልጅ የላቸውም፤ ሁለት ሴት ልጆች ብቻ ቀሩላቸው። አርባው ሳይወጣ የሟቹ ታላቅ ወንድም ግዛው «ውቂያውን እኔ አስወቃለሁ» ብሎ ላከባቸው። በእኛ አገር እህሉን በአውድማ ሰፍሮ ያስገባ ሰው የመሬቱ ጌታ ሆኖ ይቆጠር ነበር። ይህን ሕፃን እንኳ ያውቃል።

በማግስቱ እትዬ የሺ ጥቁር ልብሳቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገው፣ እህል ወደ ነፋስ የሚበተንበትን የባላቸውን ላይዳ ተሸክመው አውድማው ገቡ። በሬዎቹን ያዋሷቸው ጎረቤታቸው ኦቦ ቱፋ ናቸው። ወንዶቹ ዳር ቆመው አጉረመረሙ። ግዛው በቅሎው ላይ እንዳለ ጮኸ።

«አንቺ የሺ፣ ውጪ! በረከቱ ይሸሻል!»

«ሳርመው አልሸሸኝ፣ ሳጭደው አልሸሸኝ። ዛሬ ምን አየብኝ?»

«ኤዬ!» አሉ ኦቦ ቱፋ። «በሬዎቼም አልሸሹ!» ወንዶቹ ሳቃቸው አመለጣቸው።

ከሰዓት በኋላ በሬዎቹ ገብሱን ረግጠው አበራይተው ሲወጡ ነፋሱ ቀጥ አለ። «አየሽ? ነፋሱም እምቢ አለሽ» አለ ግዛው። እትዬ የሺ ላይዳውን ይዘው ቆሙ። እናቴ ውሃ ብታቀርብላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። እንደቆሙ ፀሐይ አዘቀዘቀች። ያኔ ነፋስ ተነሳ። አንዴ ከጀመሩ ቀና አላሉም፤ ገለባው የግዛውን ጋቢና የበቅሎውን ጋማ ሸፈነው።

እህል ሲሰፈር ሰው አይናገርም። እትዬ የሺ ዝም ብለው ሰፍረው፣ ጆንያዎቹን ሞልተው፣ አህዮቹን አስጫኑ። አንድ ቁና ግን አስቀርተው ነበር። በአውድማ ላለፈ መንገደኛ ሁሉ የሚሰጥ ድርሻ ነው፤ ለባለቤት አይሰጥም። እሱን ይዘው ግዛው ፊት ቆሙ።

«ይቀበሉ፣ ጋሼ። አውድማዬ የመጣ እንግዳ ባዶ እጁን አይመለስም።»

ግዛው ወንዶቹን አየ። አንዱም ቀና ብሎ አላየውም። ከበቅሎው ወርዶ የጋቢውን ጫፍ ዘረጋ።

እትዬ የሺ ገብሱን ገለበጡለትና፣ ዛሬ የልጅ ልጃቸው በምታርሰው ማሳ ጥግ አህዮቻቸውን እየነዱ ሄዱ።