የባሕር ሳሩ መርዝና ልጄ ትርንጎ

ከመንዝ የወጣሁበትን ዓመት በትክክል አላስታውስም። ገብሱ ታጭዶ ገና አልተወቃም ነበር፤ ይህን የማውቀው ልጄ ትርንጎ የወደቀችው ከክምሩ ሥር ስለሆነ ነው። በማግስቱ ልሄድ ተሰናድቼ፣ ጎረቤት ሊሸኘኝ ተሰብስቦ፣ ጸሐይ ስታዘቀዝቅ ያ የሚጥል በሽታዋ ጣላት። አንገቷ ተቆለመመ፣ አረፋ ደፈቀች። እንደ ልማዳችን አንዱ ክብሪት ጭሮ ጭሱን አሸተታት። ስትነቃ እኔን የለየችኝ አልመሰለኝም።

እኔማ ልቀር ነበር። ባለቤቴ እቴነሽ ግን በሶውን እየቋጠረች፣ "ይሂዱ። እዚህ ቁጭ ብለው ቢያዩዋት ምን ሊፈይዱላት ነው?" አለችኝ። ማሳከሚያ ልፈልግላት ነበር መሄዴ።

ከመንደራችን ከቀየት እስከ መሐል ሜዳ በእግር፣ ከመሐል ሜዳ በሚኒባስ፣ እያለ እያለ ሱዳን ገባሁ። ሱዳን ዘበኛ ሆኜ ኖርኩ፤ ሙቀቱን አልነግራችሁም። ከዚያ በስደተኛነት ኖርዌይ ወደሚባል አገር ወሰዱኝ። ብርዱን ሲያስፈራሩኝ እኔ የመንዝ ሰው ነኝ ብዬ ስቄ ነበር። ነገር ግን የኛ ብርድ ጸሐይ ስትወጣ ይሸሻል፤ እዚህ ጸሐይዋም በርዷት የምትተኛ ይመስለኛል። ዳቧቸው የገብስ ይመስልና ሲቀምሱት ሌላ ነው። ደረጃ ላይ ጎረቤቴን ዝቅ ብዬ እጅ ነሥቼ እንዴት አደርክ ብለው፣ የጠፋብኝ ነገር ያለ መስሎት ወለሉን ያይልኝ ጀመር።

ሥራ ያገኘልኝ ሰኢድ ነው። የሸዋ ሮቢት ሰው ነው፤ ዱሮ ጨውና ጨርቅ ጭኖ ወደኛ ገበያ ይወጣ ስለነበር እኛን ደገኞችን ያውቀናል። ሥራው የአይጥ ቤት ማጽዳት ነው። ስለ አንጎል የሚያጠኑ ሐኪሞች አይጥ ያረባሉ። ለእቴነሽ በስልክ ስነግራት፣ "ጎተራችንን የጨረሱትን አይጦች እዚያ ሄደው ይቀልቧቸዋል?" ብላ ሳቀችብኝ።

አንድ ቀን ሳጸዳ አንዲት ነጭ አይጥ ወደቀች። እግሮቿ ተርገበገቡ፣ አንገቷ ተቆለመመ። ትርንጎን አየኋት። እጄ ሳላዘው ኪሴ ገባና ክብሪት ጫርኩ። ወዲያው ደወሉ ጮኸ፤ የሕንፃው ሰው ሁሉ በረዶው ላይ ወጥቶ ቆመ።

የጥበቃው አለቃ አስቀምጦ ጠየቀኝ፤ ሰኢድ ያስተረጉማል።

"ለምን እሳት ለኮስክ?"

"ጭሱን ላሽትታት ብዬ ነው።"

"ማንን?"

"አይጧን።"

ሰኢድ አንገቱን አከከ። "ጋሼ፣ ይህን በነሱ ቋንቋ እንዴት አድርጌ ልበለው?"

"እንዳልኩህ በለው።"

አለቃው ጥቂት አሰበና፣ "ያጨሳል እንዴ?" አለ።

"የመንዝ ሽማግሌ ያጨሳል ወይ ነው የሚለኝ?"

"ይተዉት ጋሼ። መንዝ ያሉት የአይጧ ስም መስሎታል።"

ሐኪሟ ገባች። እሷ አልተቆጣችም፤ ለምን እንዳሸተትኳት ጠየቀችኝ። የትርንጎን ነገር ስነግራት ወንበር ስባ ተቀመጠች። አይጧን የጣላት እነሱ ታንግ ከሚሉት ከባሕር ሳር የወጣ መርዝ ነው አለችኝ። በሩቅ ምሥራቅ ሰዎች ሳሩን ቀቅለው ለሆድ ትል ይጠጡት ነበር አሉ። "ኮሷቸው ነዋ" አልኩ። መርዙን አንጥረው ሲወጓት የአንጎሏ ነርቮች ባንድ ላይ ይጮኻሉ፤ ያን ጊዜ ትወድቃለች። የሰውም በሽታ ይህን ስለሚመስል መድኃኒቱን በአይጥ ይሞክሩታል።

ቤቴ ገብቼ ይህንኑ ሳሰላስል ዋልኩ። አይጥ ቡዳ አይበላት፣ በቀትር ምንጭ አትወርድ፤ እሷን ምን ጋኔን ይይዛታል? ደወልኩ።

"እቴነሽ፣ መንፈስ አይደለም። ጤና ጣቢያ ያለውን እንክብል ስጫት። እዚህ እኮ አይጡን በመርፌ ወግተው እንደሷ ይጥሉታል።"

"ጋኔኑን በመርፌ ይሰጣሉ በሉኛ።" ድምጿ ተለወጠ። "አንቱ፣ ዛሬውኑ ከዚያ ቤት ይውጡ።"

እንክብል ፀበሉን ያረክሰዋል ብለው ጎረቤቶች ነግረዋት ነበርና ብዙ ጊዜ እምቢ አለች። በኋላ የንስሐ አባታችን፣ "ትጠመቅም፣ ትዋጥም፤ ሁለቱም የእግዚአብሔር ነው" ሲሏት እሺ አለች። ትርንጎ መውደቋን ተወች። አንድ ቀን ራሷ ስልኩን ይዛ፣ "አባባ፣ ዛሬ እሳት ዳር ብቻዬን ተቀመጥኩ" አለችኝ። ለሐኪሟ ብነግራት ደስ አላት፤ ግን አስጠነቀቀችኝ። መድኃኒቱ ድንገት ከተቋረጠ ካልጀመረችው ይብስባታል፤ ወድቃ ላትነሣ ትችላለች።

ከዚያ ጦርነቱ እኛ አገር መንዝ ድረስ መጣ። መንገዱ ተዘጋ። እቴነሽ ደውላ፣ "እንክብሉ አልቋል፤ ጤና ጣቢያውም የለኝም አለ" አለችኝ። ምን ማለት እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፤ ወዲያው ስልኩም ጠፋ። ሐኪሟን መድኃኒት ልላክ ወይ ብላት፣ "በማን በኩል?" አለችኝ። መጥረጊያዬን ይዤ ወደ ሥራዬ ገባሁ። እኔ በማጸዳው ቤት ለአይጦቹ መድኃኒት ተቋርጦ አያውቅም።

ስልኩ ሲመለስ፣ "ትርንጎስ?" አልኩ።

"ተኝታለች።"

ሌላ ቀን ፀበል ወርዳለች አለችኝ። ሌላ ቀን ደግሞ እህቴ ዘንድ ናት አለችኝ። በኛ አገር ለስደተኛ መርዶ በስልክ እንደማይነገር አውቃለሁ፤ ያን ሰሞን ግን የማላውቅ ሆኜ ሰነበትኩ።

ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ያገሬ ሰዎች ነጠላ ለብሰው ቆመዋል፤ ሰኢድ ከፊት ነው። "ጋሼ" አለኝ። እጄን ይዞ አብሮኝ መሬት ተቀመጠ። ለቅሶው በረድ ሲል ወደ እቴነሽ ደወለልኝ፤ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ያዘልኝ።

"አንቱ" አለች።

"አቤት።"

"ያን የባሕር ሳር አሁንም ይወጓቸዋል?"

"ይወጓቸዋል።"

"ሲወድቁ ይነሣሉ?"

"መድኃኒቱ የደረሰላቸው ይነሣሉ።"

ትንፋሿ ይሰማኛል፤ የኔም ሳይሰማት አይቀርም። እሷም አልዘጋች፣ እኔም ሰኢድን ዝጋው አላልኩ። ክንዱ እስኪዝል ስልኩን ይዞልኝ የቆየው፣ ያን ሰሞን እያጎረሰ ያቆመኝ ሰው ስሙ ሰኢድ ይመር ነው።