ታግ የሌለው ዓሣ

ሰው ሲበድለኝ ቶሎ የምረሳ ሴት አይደለሁም። ይቅር በይ ሲሉኝ «እሺ» እላለሁ፤ በሆዴ ግን ቀኑን፣ ቦታውን፣ በዳዩ የለበሰውን ጃኬት ሳይቀር አስቀምጣለሁ። ልጄ እዚሁ አሜሪካ፣ ዴንቨር ጥግ ኦሮራ የተወለደች ናት፤ «ማም፣ ጀስት ሌት ኢት ጎ» ትለኛለች። ሌት ኢት ጎ፣ ተይው እርሺው የሚባለው ነገር ለእኔ አይሆንም። በተለይ በጾም ስሜን ላጠፋ ሰው፣ የት አባቱ!

ኦሮራ ውስጥ ትንሽ ዓሣ ቤት አለችኝ። ሥጋ የለም፣ ዶሮ የለም፣ እንቁላል እንኳ አይገባባትም። ጥብስ፣ ለብለብ፣ ጉላሽ፣ ዱለት፣ ሁሉም የዓሣ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለካህናቱ ትቼዋለሁ፤ እበላለሁ የሚለው ሰው ግን የሚመጣው እኔ ዘንድ ነበር። ከኅዳር አጋማሽ እስከ ገና ደጄ ላይ ሰው ቆሞ ይጠብቃል። ገና ሲያልፍ ሁሉም ወደ ክትፎው ይሮጣል። ቤቴን ዓመቱን ሙሉ አቁሞ የሚያኖራት ጾም ነው።

ስሜን ያጠፋው ሰውዬ ሦስት ዓመት እኔ ጋ ጠባሽ ነበር። ከታክሲ ሥራ ነው የመጣው፤ ቢላ አያያዝ እንኳ አያውቅም ነበር። ቅርፊት መፋቁን፣ ሆድ ዕቃ ማውጣቱን፣ ቢላውን አከርካሪው ላይ አስተኝቶ ሥጋውን ሳይቆርጡ ማንሳቱን እኔ ነኝ ያስተማርኩት። አንድ ቀን «እትዬ፣ የራሴን ልሞክር» አለኝ። ይሞክር! መርቄ ሸኘሁት፤ ሁለት መጥበሻም ከራሴ ሰጠሁት። ፓርክ ሂል ሰፈር አጠገብ፣ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ዓሣ ቤት ከፈተ። ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ።

አንድ እሑድ ቅዳሴ እንዳለቀ፣ የዘወትር ደንበኛዬ የሆነች ሴት ክንዴን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችኝ። «እኔስ አላመንኩም» አለች፣ ዓይኗን ከእኔ እያሸሸች። «ግን ዓሣውን ዶሮ በጠበሰችበት ዘይት ነው የምትጠብሰው እየተባለ ነው።»

«ማነው ያለው?»

«እሱ ነዋ። ሦስት ዓመት በዓይኔ አይቻለሁ ብሏል።»

ኧረ ጉድ! የትኛው ዶሮ? ቤቴ ዶሮ በበር አልፎ አያውቅም! ደሜ ፈላ፤ ነጠላዬ ከትከሻዬ ወርዶ መሬት ሲጎተት እንኳ አላየሁትም። ሴትዮዋን ይዤ ወጥ ቤቴ ወሰድኳት፤ ዘይቱን፣ ፍሪጁን፣ ቆሻሻ መጣያውን ሳይቀር አሳየኋት። «አመንኩሽ እህቴ» ብላ ሳመችኝ። በሚቀጥለው ሳምንት እሱ ቤት ስትገባ ታየች። አልፈርድባትም። በገንዘቡ የሚወራረድ ሰው ይኖራል፤ በጾሙ የሚወራረድ ግን የለም። ትንሽ ጥርጣሬ ትበቃዋለች። ምላስ አጥንት የላትም፣ አጥንት ግን ትሰብራለች። በሁለት ሳምንት ውስጥ ደጄ ጭር አለ፤ እኔም ሽርጤን ታጥቄ መስኮት ላይ ቆሜ መኪና መቁጠር ጀመርኩ። እንዲህ ከቀጠለ እስከ ዐቢይ ጾም እንደማልደርስ አወቅኩት።

መጀመሪያ ሄጄ በሰው ፊት ላዋርደው ፈለግኩ። ከዚያ ሽማግሌ ልላክበት አልኩ። ኋላ ግን ይሄ እሱን የሚያስቀው ነገር ሆኖ ታየኝ፤ ሽማግሌ ፊት «ይቅርታ» ብሎ ጉልበት ስሞ ይወጣል፣ ዘይቱ ግን የዶሮ እንደሆነ ይቀራል። እኔ የፈለግኩት ይቅርታ አልነበረም። እኔ መስኮት ላይ እንደቆምኩት እሱም እንዲቆም ነው የፈለግኩት።

መንገዱን ያሳየኝ ዓሣው ራሱ ነው።

እኛ ባለ ጭረት የምንለው፣ አሜሪካኖቹ ስትራይፕድ ባስ የሚሉት ዓሣ የሚመጣልኝ ከምሥራቅ ጠረፍ ነው። የባሕር ዓሣ ነው፤ እንቁላሉን የሚጥለው ግን ወንዝ ገብቶ ነው። ከዚያ ጠረፉን ይዞ ወደ ሰሜን ይሄዳል፣ ብርዱ ሲመጣ ይመለሳል። መንገደኛ ስለሆነ በየደረሰበት ሁሉ ያጠምደዋል፤ ድሮ አንድ ጊዜ ሊያልቅ ደርሶ ነበር አሉ። ይህን የነገረኝ አከፋፋዬ ነው፣ ዴንቨር ውስጥ ዓሣ ሲሸጥ ያረጀ ቁጡ ፈረንጅ። ስለዚህ ሕግ ወጣለት። ለንግድ የሚያጠምደው ሰው ተቆጥሮ ታግ ይሰጠዋል፤ ቁጥር ያለው ፕላስቲክ ነው፣ በዓሣው መንጋጋ በኩል ተበስቶ ይታሰራል፤ ታጉ ካለቀ መረቡን ጠቅልሎ ይቀመጣል። ለመዝናናት የሚያጠምደው ደግሞ በቀን አንድ ብቻ ነው የሚፈቀድለት፣ እሱም ተለክቶ። ከልኩ ያነሰው ገና ልጅ ነው፣ ይመለሳል። ከልኩ የበለጠችው እናት ናት፣ እሷም ትመለሳለች። የተፈቀደለትን ቤቱ ወስዶ ይብላ፤ መሸጥ ግን አይችልም። «ታግ የሌለው ዓሣ የተሰረቀ ዓሣ ነው» ይል ነበር አከፋፋዬ። እኔም ይህንኑ ለሰውዬው በገዛ አፌ፣ ዓሣ እያጠብን፣ ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ።

አንድ ታክሲ ነጂ ደንበኛ ቀርቶኝ ነበር፤ ሙስሊም ነው፣ የጾሙ ወሬ አይነካውም። አንድ ቀን ሲበላ «ኮልፋክስ ያለው ግን ዓሣው ግዙፍ ነው» አለ። ጆሮዬ ቆመ። ለሾርባ ነው ብዬ ጭንቅላቱን ብቻ እንዲገዛልኝ ላክሁት። በማግስቱ በፌስታል አመጣልኝ። ማጠቢያው ላይ አስቀምጬ አየሁት፤ ሁለት እጄን ብገጥም አይሸፍነውም። እናት ናት። መንጋጋዋን ከፍቼ በጣቴ ዳሰስኩ። ታግ የለም፣ የተበሳ ቦታም የለም። ሌላውንም ጉንጯን ዳሰስኩ። የለም!

እሰይ! በጾም ቀን አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ታክሲ ነጂው ምንም ሳይጠረጥር ሁሉንም ዘረገፈልኝ። ሰውዬው ሜሪላንድ ወንድም አለው፤ ከጓደኞቹ ጋር በጀልባ እየወጣ ያጠምዳል። ዓሣውን በሰማያዊ ኩለር፣ በማቀዝቀዣ ሳጥን፣ በረዶ ሞልቶበት፣ በአውሮፕላን ወደ ዴንቨር በሚመጣ መንገደኛ ይልክለታል። «እኔም አንዴ ይዤለት መጥቻለሁ» አለ። «የሰው ዕቃ እምቢ ይባላል እንዴ?» እውነቱን ነው። እኛ ሰዎች መንገደኛ ካየን ዕቃ ሳናስይዝ አናልፍም፤ የሚይዘውም ውስጡ ምን አለ ብሎ አይጠይቅም። መጠየቅ ሰውን አለማመን ነው። «ለገና የሚሆን ቅዳሜ ይገባለታል» አለኝ፣ እጁን እየታጠበ።

በማግስቱ ቀትር ላይ፣ ባዶው ቤቴ ውስጥ ተቀምጬ፣ ዓሣና አውሬ ለሚጠብቀው መሥሪያ ቤት ደወልኩ። ያነሳችው ሴት ስሜን ጠየቀችኝ፤ አልነገርኳትም። ቀኑን፣ ከየት እንደሚነሳ፣ የኩለሩን ቀለም ነገርኳት።

«የሚይዘው ሰው ማነው?» አለችኝ።

«ማንም ይሁን» አልኳት።

ቅዳሜ እናቴም ትመጣ ነበር። ሜሪላንድ እህቴ ጋ ነው የምትኖረው፤ ገናን ከእኔ ጋር ልታሳልፍ ነው። ሲነጋ ፀጉሬን ተሠራሁ፤ ለእናቴ አበባ ገዛሁ። በአንድ ፓርኪንግ ሁለት ደስታ ብዬ እየሳቅኩ ነው ወደ ኤርፖርት የነዳሁት።

ሻንጣ መቀበያው ጋ ስደርስ እሱ ቀድሞኛል። ምሰሶ ተደግፎ ስልኩን ያያል። ሰላም አልተባባልንም። ትንሽ ራቅ ብለው አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ አረንጓዴ ዩኒፎርም የለበሱ የዓሣና አውሬ ጠባቂ መኮንኖች፣ ሻንጣ የሚያመጣውን ተንቀሳቃሽ ቀበቶ ያያሉ። ሰማያዊው ኩለር ዙሪያውን በቴፕ ተጠቅልሎ ብቅ አለ። ሰውዬው ከምሰሶው ተላቀቀ። ሂድ፣ አንሳው፣ አልኩ በልቤ። ሂድ የኔ ጌታ!

«እሱ ነው! ያ ሰማያዊው፣ የእኔ ነው!» የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ።

እናቴ ናት። ዊልቸር ላይ ተቀምጣ፣ አንድ ሠራተኛ እየገፋት፣ በከዘራዋ ወደ ኩለሩ ትጠቁማለች።

ከዚያ በኋላ ያለውን እንዴት ልንገራችሁ። አበባው ከእጄ የት እንደወደቀ አላውቅም። መኮንኖቹ ኩለሩን አወረዱ፣ ቴፑን ቀደዱ፣ ከፈቱት። እናት እናቶቹ ዓሣዎች በበረዶው ላይ ተደርድረው ተኝተዋል፤ አንዳቸውም ታግ የላቸውም። ሴትዮዋ መኮንን እናቴን በእንግሊዝኛ ጠየቀቻት፤ እናቴ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ነኝ አስተርጓሚዋ። የጠቆመችው ሴት አስተርጓሚ ሆነች!

«ማነው የሰጠሽ ነው የምትልሽ፣ እማዬ።»

«ቤተ ክርስቲያን ያገኘሁት ልጅ ነው። ለወንድሙ ለገና ነው ያለኝ። ምነው፣ ምን አደረግኩ?»

«ስሙን ንገሪን ትላለች። እዚህ የሚቀበልሽንም ሰው።»

እናቴ ከዘራዋን ጭኗ ላይ አጋደመችና አንገቷን ቀና አደረገች። «አደራ ነው። አደራ ያስያዘኝን ሰው ስም ለፖሊስ አልሰጥም። በዚህ ዕድሜዬ አደራ በላ አልባልም፤ እንዲህ ብለሽ ንገሪያት።»

ሰውዬው ከኋላችን አሥር እርምጃ ላይ ቆሟል። ጣቴን ማንሳት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ግን ይሄኔ እናቴ እንዴት አወቅሽ ትለኛለች። እጄ አልነሳ አለኝ። «አታውቀውም» ብዬ ተረጎምኩ። መኮንኗ እንግዲያው ክሱን በእሳቸው ስም እጽፈዋለሁ ብላ መታወቂያዋን ጠየቀች። የእናቴ የዜግነት ፈተና ሁለት ወር ነው የቀረው። ስትለማመድ በስልክ የምጠይቃት እኔ ነኝ፤ ሕግ ጥሰሽ ታውቂያለሽ ወይ የሚለው ጋ ሁልጊዜ ትስቃለች። ወይኔ፣ ምን አደረግኩ!

«ዓሣው የእኔ ነው።»

መጣ። በእግሩ መጣ። በእንግሊዝኛ ለመኮንኖቹ «እሳቸው ምንም አያውቁም። የላከው ወንድሜ ነው፣ ተቀባዩ እኔ ነኝ፣ የምሸጠውም እኔ ነኝ» አላቸው። መንጃ ፈቃዱን አውጥቶ ሰጣቸው። የዘረጋውን እጅ ቢላ ያስያዝኩት እኔ ነኝ። ሲጽፉበት ቆይቶ ወደ እኔ ዞረና ቀስ ብሎ «እትዬ፣ እናትዎ መሆናቸውን አላወቅኩም» አለኝ።

እኔም አላወቅኩም፣ ልለው ነበር። ዋጥኩት።

ስለ ዘይቱ ግን ያን ቀንም አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ይህንን አልረሳለትም። ኩለሩን ወሰዱበት፤ ለገና የሚያቀርበው ዓሣ አልነበረውም፤ ቤቱም ሲመረመር ከረመ። የፈለግኩትን ሁሉ አገኘሁ። ከመሄዱ በፊት ጎንበስ ብሎ የእናቴን ጉልበት ሲስም፣ እሷ ደግሞ ራሱን ይዛ «ተባረክ ልጄ፣ አንተን የወለደች ማሕፀን ትባረክ» ስትለው ቆሜ አየሁ። በቀሌን ከአፌ ላይ ነጠቀኝ።

መኪና ውስጥ ቀበቶዋን አሰርኩላት። ከኤርፖርት ወጣን። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«መቼም ሰው ጠቁሞበት ነው እንጂ፣ እነዚህ ዓሣ መሆኑን በምን አወቁ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ እማዬ።»

«እንዲህ ያለ ጨዋ ልጅ!» አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። «የጠቆመበትን ሰው ደጁን ሰው አይርገጠው። ያበሰለው የሚበላለት አይኑር። የሰው ጉሮሮ እንደዘጋ የእሱም ይዘጋ።»

መሪውን አጥብቄ ይዤ ፊት ፊቴን አየሁ።

«አሜን በይ እንጂ!» አለችኝ።

«አሜን» አልኩ።