የታከለ ፂም

«ባሕሩም ጨው ሆነ፣ አይጠጡት ቢጠማ…»

ባምላኩ ይችን አንዲት ስንኝ ያንጎራጉርና ሁለተኛዋ ላይ ሲደርስ «እም… እም…» ብሎ ይተዋታል። ፍኖተ ሰላም ገበያ፣ እህል ተራው ጥግ ተቀምጦ ጆንያ ሲሰፋ የሚሰሙት ሁሉ «ጨርሳት እንጅ!» ይሉታል። «ረሳኋት» ይላል። ትንፋሹም ለሁለት ስንኝ አይበቃውም፤ ደረቱ እንደ ተቀደደ ወናፍ ሲር ይላል። ግን አልረሳትም።

የማንኩሳ ልጅ ነው። የቆሎ ተማሪ ሳለ ድምፁ የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር አልፎ፣ ሞፈር የጨበጠ ገበሬ በሬዎቹን አቁሞ ያዳምጠው ነበር። በ1985 ዓ.ም. ከጎረቤቱ ልጅ ከታከለ ጋር አሰብ ወረደና ወደብ ላይ ጫኝና አውራጅ ሆነ። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ መጥቶ መንገዱ ሲዘጋ ብቻውን ተመለሰ። ከባሕሩ ይዞት የመጣው የጆንያ መርፌና ሳል ነው።

ጥር ላይ፣ ገብሱ ተወቅቶ ገለባው ሲበን፣ ጋቢውን አፍንጫው ላይ ይጠመጥማል። በርበሬ የምትሸጠው ተናኜ ይህን ጊዜ አታልፈውም።

«መርከቤ! ምነው ተሸፋፈንክ? ባሕሩ ሸተተህ?»

«ያንች ወሬ ነው የሸተተኝ።»

ይስቃሉ። እሱም ሊስቅ ሲል ሳሉ ይቀድመዋል።

ከአንድ ቤት ግን ባምላኩ እህል አይቀምስም፤ የታከለ እናት ቤት። እማሆይ ወለተ ሥላሴ ልጃቸው ከሞተ በኋላ ቆብ ደፍተው ከማንኩሳ ወጣ ብላ ካለችው ጎጆ ይኖራሉ። ባምላኩ እንጨት ይፈልጥላቸዋል፤ ትንፋሽ እያጠረውም ውኃ ይቀዳላቸዋል። ገበታ ሲቀርብ ግን «ጠግቤ ነው የመጣሁ» ብሎ ይወጣል። ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነው። እውነቱን ሳልነግራቸው እንጀራቸውን አልቆርስም ብሎ ለራሱ ምሏል።

እውነቱ ይህ ነው።

ስንዴ በመርከብ ሆድ ተሞልቶ ይመጣል፤ ነቀዝ እንዳይበላው መርዝ ተጨምሮበታል። መርከቡ ተከፍቶ ቢናፈስም መርዙ ጥጋጥጉ ውስጥ ይደበቃል። ስለዚህ ወደ ሆዱ የሚወርድ ሰው ፊት ላይ ልጥፍ የሚል የላስቲክ ጭምብል ያጠልቃል። ጉንጩ ላይ ጣሳ የመሰለ ማጣሪያ አለው። አለቃቸው በየማለዳው ያስፈትናቸው ነበር፤ ማጣሪያውን በመዳፍ ደፍነህ ወደ ውስጥ ትተነፍሳለህ፤ ጭምብሉ ፊትህን ከሳበው ደግ፣ ካልሳበው ግን አየር ያስገባል። «ፂም ያለው አይወርድም» ይል ነበር አለቃው። «መርዝ ቀዳዳ አይፈልግም፤ የፀጉር ስንጥቅ ይበቃዋል።»

ታከለ ዘፈኑን ያወጣው እዚያ ነው፤ ማታ ማታ ወደቡ ዳር ተቀምጦ፦

ባሕሩም ጨው ሆነ፣ አይጠጡት ቢጠማ፣
ደብዳቤሽን ላኪው፣ ድምፅሽን እንድሰማ።

ደብዳቤው መጣ። ታከለ ማንበብ አይችልምና ያነበበለት ባምላኩ ነው። «አባትህ ዐርፏል። ዓመቱ እስኪደርስ ምላጭ ፊትህን እንዳይነካው። ሐዘንህን ባለህበት ጠብቅልኝ፤ እናትህ።»

ታከለ ፂሙን አሳደገ። አለቃው «ተላጭ፤ አለዚያ ደጅ ትሠራለህ» አለው። ደጅ ከሠራ ደግሞ ከሚያገኘው ለአባቱ ተዝካር የሚላክ ነገር አይተርፈውም። «አንተ ፈትነኝና ደህና ነው በልልኝ» አለው ጓደኛውን። ባምላኩ ቫዝሊን ገዛ፤ ፂሙን እንደ ሙሽራ ጸጉር ቀባው፤ ጭምብሉንም እስኪያመው ድረስ አጠበቀለት። መዳፉን ጫነበት። ጭምብሉ አልሳበም። በፂሙ ሥር አየሩ ሽር ሲል ጣቱ ላይ ተሰማው።

«ፈትኜዋለሁ፤ ደህና ነው» አለ ለአለቃው።

እኩለ ቀን ሳይሆን ታከለ ስንዴው ላይ ተደፋ። ባምላኩ ሮጦ የራሱን ጭምብል አወለቀና፣ መርዙን እየተነፈሰ፣ ጓደኛው ፊት ላይ ጫነው። የባምላኩ ጭምብል ደህና ነበር። የታከለ ፊት ላይ ግን ያው ፂም ነበረ።

ጥር 1996 የታከለ ሰባተኛ ዓመት ተዝካር ወጣ። ካህናቱ ፍትሐቱን አድርሰው፣ ሰዉ በልቶ ጠጥቶ ከተበተነ በኋላ፣ ባምላኩ ቆሞ ቀረ። ዛሬ እነግራቸዋለሁ ብሎ መጥቷል። ዳገቷን ሲወጣ አራት ጊዜ ተቀምጧል። እማሆይ መሶቡን አቅርበው በር ላይ ቆሙበት።

«በልጄ ተዝካር እንኳ አትቀምስም? ምን በድየህ ነው?»

«እማሆይ… የምነግርዎት ነገር አለ።»

«ቆይ። መጀመሪያ እኔ ልጠይቅህ። ከመጣህ ጀምሮ እየፈራሁ ያልጠየቅሁህ ነው።» ድምፃቸው ቀጠነ። «ደብዳቤዬ ደርሶት ነበር?»

ባምላኩ መሬቱን አየ።

«ሌሊት ይመጣብኛል» አሉ፤ «ፊቱ ተላጭቶ፣ እንደ ወንበዴ ልጅ ያባቱን ሐዘን ጥሎ። ልጄ እንዲያ ሆኖ ከሆነ የሞተ፣ ይኸ ሁሉ ፍትሐት ምን ሊረባው? ንገረኝ እስቲ። ፂሙ ነበረ?»

ከውጭ ዐውድማው ላይ ገለባ ይበን ነበር። ባምላኩ ሊናገር አፉን ከፈተና ሳለ። እስኪያበቃለት ግድግዳውን ተደገፈ። እማሆይ ጀርባውን በመዳፋቸው ይደግፉት ነበር።

«ነበረ» አለ በመጨረሻ። «እስከ ደረቱ ደርሶ ነበር። አለቃው ተላጭ ቢለው እንኳ እንቢ አለ።»

«እንቢ አለ?»

«እንቢ አለ፣ እማሆይ።»

አሮጊቷ ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። እንባቸው የተሸበሸበ ጉንጫቸውን ተከትሎ ወረደ፤ ፊታቸው ግን እንደ ልጃገረድ በራ። «የኔ ልጅ! ተመስገን! አኮራኝ፤ የፈጠረኝ አምላክ፣ አኮራኝ!» ቆባቸውን አስተካከሉ። «በል፣ አንተስ ልትነግረኝ ያልከው ምንድን ነው?»

«እሱኑ ነው» አለ ባምላኩ።

«እንግዲህ ተቀመጥ።»

ጫማውን አወለቀ። እጁን ታጠበና ተቀመጠ። እማሆይ የዳጉሳውን እንጀራ ገልጠው ወጡን መሐሉ ላይ አፈሰሱለትና አጠገቡ ቁጭ አሉ፤ ያችን የጨው ባሕሩን ስንኝ በለሆሳስ ሲያንጎራጉሩ ሰማቸው፤ ከእሱ የለመዷትን፣ አንዷን ብቻ።

ባምላኩ ቆረሰ፤ ጎረሰ። ጉርሻው አልወርድ አለው። አላመጠው፣ አላመጠው።

«ብላ» አሉት። «ብላ፣ ልጄ።»

ሁለተኛውን ቆረሰ።