አባቴ ያልጻፈው የትሮምቦን ድርሻ

አባቴ ነገሌ ቦረና በነበረው ጦር የሙዚቃ ክፍል ውስጥ ትሮምቦን ይነፋ ነበር። ለራሱ መሣሪያና ለመላው ባንድ አንድ ኮንሰርቶ ደርሶ ነበር፤ ግማሹ ከፈረንጅ አስተማሪዎቹ የተማረው ክላሲክ፣ ግማሹ ከድሮ ሸክላዎች የለቀመው ስዊንግ፣ ያ ትከሻ የማያስቀምጥ የአሜሪካኖች የዳንስ ሙዚቃ። አዛዡ በልምምድ ላይ ሰምቶት «ግማሽ ጎፈሬ፣ ግማሽ ልጩ» ብሎ ሳቀ አሉ። ለሕዝብ ሳይቀርብ መንግሥት ተለወጠ፣ ጦሩም ተበተነ። ትሮምቦኑም የት እንደገባ አላወቅንም። እኔ ያኔ ሕፃን ስለነበርኩ አንዲት ድምፅ እንኳ ትዝ አትለኝም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ የኮንሰርቶው ኖታ የተገኘው አባቴን ስትሮክ ከመታው በኋላ ነው። ወደራ ከተማ እህል የሚነግዱ የድሮ ጓደኛው፣ የባንዱ ክላሪኔት ነፊ፣ አስጠሩኝ። «አካም፣ ናጋ?» ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሉኝና ከጆንያዎቹ ጀርባ ካለ ሣጥን አንድ እቅፍ ወረቀት አወጡ።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኔም ይዤው ቀረሁ» አሉኝ።

የክላሪኔቱ፣ የትራምፔቱ፣ የከበሮው ድርሻ ሁሉ አለ። የትሮምቦኑ የለም።

«የአባቴስ፣ ጋሼ?»

«የራሱን መች ጻፈው የኔ ልጅ። በጭንቅላቱ ነበር የሚይዘው። እሱን ጠይቂው።»

እሱን ልጠይቅ! ስትሮኩ እጅና እግሩን ምሮ አፉን ነው የያዘው። የተወለት ቃል አንድ ብቻ ነው፤ «እሺ»። ሲርበውም እሺ፣ ሲጠግብም እሺ። ማንጎራጎር ቀርቶ ማፏጨት እንኳ አይሆንለትም።

ወረቀቱን ጭኑ ላይ ሳስቀምጥለት ግን ቀኝ ክንዱ ተነሣ። የሌለውን የትሮምቦን ቧንቧ በአየር ላይ ይገፋ ይስብ ጀመር። ክንዱ አንድም አልረሳም።

ችግሩ፣ ትሮምቦን በክንድ ብቻ አይነፋም። ቧንቧው አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ብዙ ዓይነት ድምፅ ይወጣበታል፤ የትኛው እንደሚወጣ የሚወስነው ከንፈር ነው። የክንዱን ማረፊያ ሁሉ እየተከተልኩ ጻፍኩ። እያንዳንዱ ላይ አስቁሜው ዝቅ አድርጌ አዜምኩለት። «እሺ።» ከፍ አድርጌ አዜምኩለት። «እሺ።»

አንድ የሙዚቃ መምህር፣ ባንዱ ከሚጫወተው ተነሥቶ መገመት ይቻላል አለኝ። ግምት! ሰውዬው አጠገቤ ቁጭ ብሎ በግምት ልጻፍለት? በመምህሩም፣ በስትሮኩም፣ ወረቀት ለሰው ሁሉ ጽፎ ለራሱ በሰነፈው አባቴም ተናደድኩ።

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ መጨረሻው ላይ ደረስን። ክንዱን እስከ ጫፍ ዘርግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ለረጅም ጊዜ ያዘው። ደጅ ባጃጆች ይንጫጫሉ። ዝቅ አድርጌ ሞከርኩ፤ እሺ። ከፍ አድርጌ ሞከርኩ፤ እሺ።

«አባዬ፣ የትኛው ነው?» አልኩ፤ ድምፄ ከአሰብኩት በላይ ጮኸ።

ዓይኑን ገልጦ አየኝ። አልተቆጣም። ክንዱን ቀስ ብሎ ሰብስቦ አፉ አጠገብ አመጣና፣ ትምህርቱ ላልገባው ልጅ እንደሚደገም፣ ከመጀመሪያው ጀመረልኝ። ሙሉውን እስከ መጨረሻው ተጫወተው። እኔ የሰማሁት የእጅጌውን መታሸት ብቻ ነው።