«ደህና ነን» ያልነው ቻናል

ባለፈው ሳምንት አንድ የወሎ ልጅ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ ይዞ ወደ ሱቄ መጣ። እዚህ አረብ አገር፣ አቡ ዓሪሽ ውስጥ ጀዋል እጠግናለሁ። ስክሪኑን ቀይሬ ድምፁ ይሠራ እንደሆነ ልሞክር ብዬ ያገኘሁትን ፋይል ስነካ ድቤ ተመታ፤ ጭብጨባ ተከተለው፣ ከዚያም መንዙማ። መንዙማውን ገና ከመጀመሪያው ምት አወቅሁት። ጆሮዬ የሚጠብቀው ግን እሱን አልነበረም። ከመንዙማው ቀጥሎ የሚመጣውን የአንድ ሰው ሳል ነበር የሚጠብቀው። ሳሉ አልመጣም፣ መንዙማው ዝም ብሎ ቀጠለ። ልጁ «ምነው፣ ተበላሸ እንዴ?» ሲለኝ «አይ፣ ደህና ነው» ብዬ ስልኩን መለስኩለት።

የምነግርህ ጎረምሳ ሳለሁ ስለሆነ ነገር ነው። ያኔ ዳማድ አካባቢ፣ ዋዲው ዳር ባለ መዝረዓ፣ በሰው እርሻ ላይ፣ ማንጎና ማሽላ ውኃ አጠጣ ነበር። ሳሉ የግመል ጠባቂው ነው። ከፊሉ፣ አሠሪው ማለቴ ነው፣ ጎረቤታችን ነበር፤ የእሱን ግመሎች ይጠብቅ ነበር። እኔ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ነበረኝ፣ እሱ አልነበረውም። በእግሩ ነው የገባው፤ ስለ መንገዱ ብጠይቀውም አንድም ቀን አውርቶልኝ አያውቅም። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ «አያ» እለዋለሁ፣ እሱ ደግሞ ከስልኬ ላይ ዓይኔን ስለማልነቅል «የኢንተርኔቱ ሼህ» እያለ ያሾፍብኛል።

ከዐስር ሶላት በኋላ ግመሎቹን እየነዳ ወደ እኛ ገንዳ ይመጣል። በዚያ ሰዓት አቧራው ፀሐይዋን ሸፍኗት ብርሃኑ የቀጠነ ሻይ ይመስላል። የውኃ መሳቢያው ሞተር ሲጠፋ ጆሮ ለጥቂት ጊዜ ጭው ይላል፣ ከዚያ የግመሎቹ ጉሮሮ ውኃ ሲስብ ይሰማል። እርጥብ አፈርና መሬት ላይ የፈረጠ ማንጎ ይሸታል። ያ ሽታ አሁንም ገበያ ውስጥ ባጋጠመኝ ቁጥር እግሬን ይይዘኛል።

አብዛኞቻችን ፊደል ብዙም ስላልነበረን ለአገር ቤት የምንልከው ድምፅ ነበር። ችግሩ ድምፁ አይቆይም። እዚያ ያለው ስልክ ይሞላል፣ ይጠፋል፣ ይሸጣል፤ የልጅ ድምፅም አብሮ ይሄዳል። የግመል ጠባቂው እናት ስልክ አልነበራቸውም። ቤት ለቤት እየዞረች እናቶችን የምትጠይቅ አንዲት የጤና ሠራተኛ ነበረች፣ በስልኳ የምታሰማቸው እሷ ናት። አንድ ቀን ስልኳ ውኃ ውስጥ ገባና የሁሉም ልጆች ድምፅ አንድ ላይ ጠፋ። እኔም ያኔ ቻናል እንክፈት አልኩ፤ እዚያ ከጫንነው ማንም ሰው ስልኩ ቢጠፋበት በሌላ ስልክ ያገኘዋል አልኩ። ቻናሉን «ደህና ነን» ብሎ ስም ያወጣለት ግመል ጠባቂው ነው።

ሕጉንም ያወጣው እሱ ነው። «ፊት የለም፣ ስም የለም፣ የከፊላችን ስም የለም፣ የቦታም ስም የለም» አለ። «እናት ልጇን በድምፁ ካላወቀችው ምኑን እናት ሆነች?» ስለዚህ ድምፃችንን ስንቀዳ ካሜራውን ወደ ማንጎው ግንድ፣ ወደ ውኃው ጎማ ወይም ወደ ተናጋሪው ጫማ አዞራለሁ። አገር ቤት ያሉት ጫማዎቻችንን ለይተው አወቋቸው። አንዱ ጓደኛችን ጫማ የቀየረ ሰሞን ሚስቱ «ያ ሰውዬ ማነው?» ብላ አስጠይቃ ለሳምንት ስንስቅበት ከረምን።

ሌላም ሕግ ነበረን። ይሄኛውን ማንም አላወጣውም፣ ከአገር ይዘነው የመጣነው ነው። ከአረብ አገር የመጣ መልእክት በቀጥታ ወደ ነገር ከገባ ሰሚው መርዶ ነው ብሎ ይደነግጣል። ስለዚህ ማንም ከመናገሩ በፊት መንዙማ እናስቀድማለን። ከሚሞሪ ካርድ ላይ የታወቀውን፣ ሁሉም የሚወደውን መንዙማ ድምፁን ዝቅ አድርገን እንከፍትና ከጎኑ እንቀዳለን። ድቤው ሲሰማ እናቶች «እፎይ፣ ክፉ አይደለም» ብለው ይቀመጣሉ። መንዙማ ባለቤት አለው ቢሉን ኖሮ በሳቅ እንፈርስ ነበር። መንዙማ ለእኛ እንደ ዱዓ ነው፣ ዱዓን ደግሞ ማን ይከለክላል?

ግመል ጠባቂው ከሁላችንም በላይ ይናገር ነበር። ጉሮሮውን በሳል ይጠርግና ስለ ላሟ፣ ስለ ጣሪያው፣ ስለ እናቱ ጉልበት ይጠይቃል፤ መልስ የሚያገኝ ይመስል ትንሽ ዝም ይልና ይቀጥላል። አንድ ጊዜ «አያ፣ እሳቸው እኮ አሁን አይሰሙህም፣ ለምን ትጠብቃለህ?» ብለው «እሷ ስትሰማው የምትመልስበት ጊዜ ላሳጣት?» አለኝ።

ከዚያ ግመሎቹ ተሸጡ። ገዢው ወደ ድንበሩ አቅጣጫ ያለ ሰው ነበር፣ ጠባቂውንም አብሮ ወሰደው። «ስደርስ እደውላለሁ» አለኝ። ስልኩ ለጥቂት ቀን ይጠራ ነበር፣ ከዚያ ዝግ ሆነ። ተይዞ ተርሂል፣ ወደ አገር የሚባረሩት የሚታጎሩበት፣ ገብቶ እንደሆነ፣ ሌላ አገር ሄዶ እንደሆነ፣ ምን እንደሆነ ማንም አላወቀም። ፋራሳን ደሴት ድረስ ለዓሣ የሚሄዱ ልጆችን ሳይቀር አስጠይቄአለሁ። እስከ ዛሬም ወሬው የለም።

የጤና ሠራተኛዋ ግን ድምፁን ማሰማቷን አላቋረጠችም። እናቱ፣ እማማ፣ አዲስ ድምፅ እንደሌለ ያውቃሉ፣ ግን የድሮዎቹን ተራ በተራ ክፈቺልኝ ይሏታል። ልጃቸው የቀረው እዚያ ቻናል ውስጥ ነበር። ስልኬ ጠባብ ስለሆነ የጫንኩትን ሁሉ ከስልኬ ላይ አጥፍቼው ነበር፤ የትም ሌላ ቦታ አልነበረም።

አንድ ከሰዓት በኋላ የጤና ሠራተኛዋ ደወለች። «ወንድሜ፣ ቻናሉ አይከፈትልኝም። አንተ ዘጋኸው እንዴ?» አለች። ብሞክረው ለእኔም አልከፈት አለ። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን በስልኬ ተርጉሜ አነበብኩት። የመንዙማው ባለመብት አመልክቷል፣ ይህ ለሦስተኛ ጊዜ ስለሆነ ቻናሉ ተዘግቷል ይላል። የቀደሙት ማስጠንቀቂያዎች የመጡት ቻናሉን ለመክፈት ብዬ ብቻ ባወጣሁት ኢሜይል ነው። ያንን ኢሜይል ማን ከፍቶ ያየዋል?

ይግባኝ ማለት ይቻላል ይላል። ሙሉ ስም፣ አድራሻ፣ ስልክ ቁጥር ይጠይቃል፣ የሞላኸውም ለአመልካቹ ይተላለፋል ይላል። መዝረዓው ላይ ከሁላችን አንጋፋ ለሆነው ሠራተኛ አነበብኩለት። አካፋውን ተደግፎ ሰማኝ።

«ስም ከሰጠህ ኸላስ፣ አለቀ» አለ። «አንተ ኢቃማ አለህ፣ ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለብህም። ‘ይሄ ድምፅ የማነው? ያኛውስ የማነው?’ ሲሉህ ምን ትላለህ?»

«ማንም እንደዚያ አይጠይቅም እኮ!»

«አንተ እንዳይጠይቁ ማድረግ ትችላለህ?»

ቻናሉ ላይ የብዙ ሰው ድምፅ ነበር፣ ገሚሱ ወረቀት የሌለው። በጣም ተናደድኩበት፣ ለሁለት ቀን ያህል ሰላምም አላልኩት። ዛሬ ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ ሳስበው እሱ የፈራው ነገር የሚፈራ ነገር ነበር፤ እኔ ደግሞ የአንድ እናት ነገር አንጀቴን በልቶት ነበር። ሁለታችንም እውነት ነበረን።

በመጨረሻ ቅጹን ትቼ ባለመብቱን ራሱን ፈለግሁት። አገር ቤት ካሴት ያሳትም የነበረ ሰው ነው፤ ስልኩን በሰው በሰው አገኘሁት። የሚጮህብኝ መስሎኝ ነበር፣ ግን ድምፁ የደከመ፣ ጨዋ ሰው ነበር። ነገሩን እስከ መጨረሻው አስረዳሁት።

«ወንድሜ፣ እኔ የሰለቹኝ ሙሉ ሥራዬን ገልብጠው የሚነግዱት ናቸው» አለኝ። «መንዙማውን ያወጡት ሸይኽ ልጆች የሚበሉት ከዚህ ነው። ለመንዙማው ዘብ የቆመው ማሽን ነው፣ ማሽኑ እናትን ከሌባ አይለይም።» ከዚያ «አሁኑኑ ማመልከቻዬን አነሳለሁ» አለ። አነሳም፣ ውሸት አልነገረኝም። ግን ጊዜው አልፎ ነበር። ቻናሉን ከከፈትንበት ድርጅት የመጣው መልስ አጭር ነው፤ የተሰረዘው ሊመለስ አይችልም ይላል።

ለጤና ሠራተኛዋ እኔው ደውዬ ነገርኳት። ለእማማ እንዴት እንደምትነግራቸው ጨነቃት፣ እኔንም ጨነቀኝ። ስልኩን ዘግቼ ገንዳው ዳር ቁጭ አልኩና አለቀስኩ። ሰው ያየኝ አልመሰለኝም ነበር፤ አንጋፋው ሠራተኛ ግን መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ፣ በዚያው ታረቅን።

ከጥቂት ቀናት በኋላ የጤና ሠራተኛዋ ረጅም የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። «እማማ አሰሚልኝ ብለው ነው» አለች መጀመሪያ ላይ። ከዚያ የአሮጊት ድምፅ መጣ፣ ቀጭን፣ ግን የማይቸኩል።

«አሰላሙ ዐለይኩም እማዬ» አሉ። «እኔ ጤና ነኝ። ላሟ ወለደች ወይ?» ትንሽ ዝም አሉ። «ጉልበትሽን ብርድ አታስመቺው። ጣሪያውን ክረምቱ ሳይገባ አሠሪው።» እንደገና ዝም። «አንቺ፣ ተመለሺ! ተመለሺ!» አሉ፣ እሱ ከመሃል ወደ ኋላ የቀረች ግመል ሲጣራ እንደሚለው።

መጀመሪያ ልባቸው የተናወጠ መስሎኝ ደነገጥኩ። ቆይቶ ነው የገባኝ። የልጃቸውን መልእክት ነበር የሚሉት፣ እያንዳንዱን ቃል፣ እሱ ቆም የሚልበት ቦታ ሁሉ ላይ ቆም እያሉ። ያን ሁሉ ጊዜ ሲያስከፍቱ በቃላቸው ይዘውታል።

መልእክቱን ሲጨርሱ ድምፃቸውን ቀየር አድርገው «ኸላስ አያ፣ ገብቷል» አሉ። ያ እኔ ነኝ፤ መቅጃውን ከማጥፋቴ በፊት የምለው ነው። ማን እንደተናገረው አያውቁም ነበር፣ ግን ከልጃቸው ድምፅ አጠገብ ስለነበረ አልጣሉትም። ከዚያ ትንፋሽ ወሰዱና ሁለተኛውን መልእክቱን ጀመሩ።