ባለቤቴ የወደቀባቸው እሑዶች

ባለቤቴ የኮምቦልቻ ልጅ ነው። ደሴ ገብቶ ካገባኝ ሃያ ዓመት ቢያልፈውም የደሴን ብርድ አንድም ቀን ይቅር ብሎት አያውቅም። “ሰው በሰኔ ካፖርት የሚለብስበት አገር” እያለ ያማርራል። እኔም “ማን አስገደደህ? ወደ ኮምቦልቻ መንገዱ ቁልቁለት ነው፤ ብትንከባለልም ትደርሳለህ” እለዋለሁ። እንዲህ እየተነካከስን ነው የኖርነው። ነገረኛነቴን ከእናቴ ወርሼዋለሁ። እሱ ቀልዱን ከየት እንዳመጣው ግን አላህ ይወቅ፤ ቤተሰቡ በሙሉ ኮስታራ ነው።

ጦርነቱ ከተማችንን ረግጦ ካለፈ በኋላ ያ ቀልድ ጠፋ። ሸሽተን ከርመን ስንመለስ የጨርቅ ሱቃችን በሩ ተሰብሮ፣ መደርደሪያው ባዶውን ቀርቶ አገኘነው። ባለቤቴ ብቻውን ገባ፤ ቆየት ብሎ ወጣና በሩን በሽቦ አስሮ ወደ ቤት መጣ። ከዚያ ወዲያ ስለ ሱቁ ቃል አልተነፈሰም። ጎረቤት “አብሽር፣ ንብረት ይተካል” ሲለው “አልሃምዱሊላህ” ብሎ ያልፈዋል። ወንድሙ ከኮምቦልቻ ደውሎ ጨርቅ እልክልሃለሁ፣ ጀምር ቢለው “እናያለን” አለው። ከመስጊድ መልስ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ጉሙን ሲያይ ይውላል። የጠፋው ንብረት አልነበረም ያስፈራኝ። ሰውዬው ራሱ እየሄደብኝ ነበር።

ከቤት ያስወጣሁት በብልሃት አይደለም፣ በንዴት ነው። አንድ እሑድ ጠዋት “ተነስ! አክስቴ ጎመንና ድንች ውሰዱ ብለዋል፤ ብቻዬን የምሸከም አህያ አይደለሁም” አልሁት። አክስቴ ደሴ ዙሪያ ነው የሚኖሩት፤ ከሚኒባስ ተወርዶ ረጅም ዳገት በእግር ይወጣል። ዝናብ ሲጥል አድሯል። እሱ ግን ሶሉ ልሙጥ የሆነውን፣ የተወለወለውን ጥቁር ጫማውን አጠለቀ።

“በዚህ ጫማ?”

“አማት ቤት ተዝረክርኬ ልሂድ?”

እውነቱን ነው፤ አክስቴም ለእሱ አማት ናቸው፤ በእኛ ወግ አማት ቤት እንደነገሩ ሆኖ አይኬድም። ጭቃው ግን ወግ አያውቅም። እንደ ምንም ተደጋግፈን ዳገቱን ጨረስነው። አክስቴ ደጃቸው ላይ ቆመው “መርሃባ! መርሃባ!” ሲሉን፣ ባለቤቴ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ በአክብሮት ጎንበስ አለ። እግሩ ከዳው። እጁን ከደረቱ ሳያነሳ፣ ሰላምታውንም ሳያቋርጥ፣ በመቀመጫው ቁልቁል ተንሸራቶ ከደጁ በታች የተተከለው ጎመን መሐል አረፈ።

ሰው ሲወድቅ “እኔን!” የማይል ሰው የለም። የማላውቀው መንገደኛ እንኳ ቢደናቀፍ ከአፌ ያመልጠኛል። አክስቴ “እኔን! እኔን ይድፋኝ!” እያሉ ሮጡ። እኔ ግን ሳቅሁ። ሆዴን ይዤ፣ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ።

አክስቴ ዞረው “ባልሽ ወድቆ ይሳቃል? ነውር አይደለም?” ብለው ተቆጡኝ። ባለቤቴም ቀና ብሎ አየኝ። ከስንት ወር በኋላ ትክ ብሎ ያየኝ ያኔ ነው። በጣም ተናዷል። ይናደድ! መስኮት ሥር የሚቀመጠው ሰው መናደድም ትቶ ነበር።

ስንመለስ የሚኒባሱ ረዳት ወንበሬን ታበላሻለህ ብሎ ባዶ ማዳበሪያ አነጠፈለት። ቤታችን ደረስን። በር ላይ ጎረቤታችን አገኘንና በድንጋጤ “ምን ሆነህ ነው?” አለው። ባለቤቴ ሱሪውን ቁልቁል ተመለከተ።

“ጎመኑ ደርሶ እንደሆን ቀረብ ብዬ ልየው ብዬ ነው” አለ።

ጎረቤታችን በሳቅ ፈረሰ። እኔ ወደ ማድ ቤት ገብቼ አለቀስሁ።

በሚቀጥለው እሑድ ቀድሞኝ ተነሳ። ከጎረቤት ቦት ጫማ ተውሶ ነበር፤ ለእግሩ ሰፊ ነው። ዳገቱ መሐል ጭቃው አንዱን ጫማ ይዞ አስቀረበትና በካልሲው ተራመደ። ሌላ ጊዜ ደግሞ በረዶ ሜዳ ላይ ያዘን፤ የድንቹን ማዳበሪያ ራሳችን ላይ ደፍተን አንዲት አህያ ጎን ተጠለልን፤ አህያዋ ጥላን ሄደች። ማታ ማታ ጎረቤት ሲሰበሰብ ይህን ሁሉ እያሳመረ ያወራዋል። የበረዶው ጠጠር በየቀኑ ሲያድግ ዝም ብዬ እሰማለሁ፤ አላርመውም።

ያን ሰሞን ብዙ አሰብሁ። ሰው ውድቀቱን ራሱ ሲያወራው የራሱ ነገር ይሆንለታል፤ የት እንደሚጀምር፣ የቱ ጋ እንደሚያስቅ የሚያውቀው እሱ ነው። የሱቃችንን ነገር ግን ሰፈሩ በሙሉ አውርቶታል፤ ገበያው አውርቶታል፣ ኮምቦልቻ ድረስ ተወርቷል። ያላወራው ባለቤቴ ብቻ ነው። ንገረኝ እንዳልለው ፈራሁ። ጭቃ ላይ የሳቅሁ ሴት እዚህ ላይ አፌን ያዝሁ።

አንድ ምሽት ከመግሪብ ሶላት በኋላ ጎረቤቶች ተቀምጠው ስለ አህያዋ እያወራላቸው ይስቃሉ። ሳቁ ሳይበርድ፣ በዚያው ድምፅ፣ “ሱቄ የገባሁ ቀን ደግሞ” ብሎ ቀጠለ። እጄ ላይ የነበረውን ሰሃን አስቀመጥሁ።

“ጨርቁን በሙሉ ወስደው የብረት ሜትሩን ትተውልኛል። አነሳሁትና ቆምሁ። ምን ልለካበት? ግድግዳውን ለካሁት። ወላሂ፣ ከጥግ እስከ ጥግ ለካሁት!”

አንዱ መሳቅ ጀመረና አቆመ። ባለቤቴ ራሱ ሳቀ፤ እኛም አብረነው ሳቅን። ከዚያ ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረና ፊቱን በሽርጡ ጫፍ ሸፈነ። አብሽር ያለው ሰው የለም፤ እኔም አላልሁም። አልቅሶ እስኪወጣለት ጠበቅነው።

ጠዋት ለባብሶ በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት።

“ተነሺ፣ ሱቁን እንጥረግ” አለኝ።

“ምኑን ትከፍታለህ? በሩ ተሰብሮ ቁልፍ እንኳ የለውም እኮ” አልሁት፤ ልማዴ ነው።

“እሰይ! እንግዲህ ቁልፉን ጣልሽው ብዬ አልጨቃጨቅሽም።”

መልስ ነበረኝ፤ ሁለትም ሦስትም ነበረኝ። ግን ያ ሰው ተመልሶ መጥቷልና፣ ለዛሬ ይርታ ብዬ መጥረጊያውን ይዤ ተከተልሁት።