የእናቴ ፊት የነበረበት ድንጋይ

ቀው፣ ቀው፣ ቀው! ከተማችን መካነ ኢየሱስ ላይ አዲስ ቤት በተጀመረ ቁጥር መዶሻ መሮውን ሲመታ እሰማና መንገድ ላይ ቆሜ እቀራለሁ፤ ጋሼ ኡላቭ ከጓሯችን ያሉ ይመስለኛል።

ጋሼ ኡላቭ የአክስቴ ባል ነበሩ። በወጣትነታቸው ከኖርዌይ መጥተው፣ አክስቴን አግብተው፣ በዚያው እስቴ የቀሩ ድንጋይ ቀራፂ። በሬ ይቀርፁ ነበር፣ በግ ይቀርፁ ነበር፣ አንዴማ የጎረቤታችንን አኩራፊ አህያ ቀርፀው ሰው ሁሉ አወቃት። ሴቶቹ በአጥር አሻግረው «ጋሼ፣ ምን አጥፍተው ነው ድንጋይ የሚያስፈልጡዎት?» ሲሏቸው፣ «ሚስቴ ፈርዳብኝ!» እያሉ ያስቁን ነበር።

እናቴ የሞተችው እኔ ነፍስ ሳላውቅ ነው፤ ፎቶ የሚባል አልነበራትም። እሳቸው ግን ጠዋት ጠዋት እርጎ ስታቀብላቸው ኖራለችና ፊቷን ያውቁት ነበር። በአገራቸው አንዳንዴ የሟች ፊት ተቀርፆ መቃብር ላይ ስለሚቆም፣ ለሰባተኛ ዓመት ተዝካሯ ብለው በበጋው ትልቅ ነጭ ድንጋይ በሸክም አስመጡ። ክረምቱን ሙሉ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ እኔ አጠገባቸው ኩርምት ብዬ እናቴ ከድንጋዩ ስትወጣ አይ ነበር። አፍንጫዋ ሲመጣ «የኔ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«አንቺ ነሽ የወሰድሽባት» አሉኝ።

መስከረም ሲጠባ የንስሐ አባታችን ሊያዩት መጡ፤ ዙሪያውን ዞረው አዩትና «እጅዎ ይባረክ፣ ቁርጥ እሷን። ግን የተቀረፀ ምስል ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር አይገባም። መስቀል ያድርጉልን» አሉ። አክስቴ «እንግዲያው እቤት ይቀመጥ» ብትል፣ አባቴ ፊቱን አዙሮ «እያየችኝ እንዴት እህል ይወርድልኛል?» አለ። ተዝካሩ ደርሷል፣ ሌላ ድንጋይ የለም።

የጋሼ ኡላቭ እግር ላይ ተጠምጥሜ «ይተዉልኝ!» አልኳቸው።

«ያለ ምልክት ትቅር ወይ፣ ልጄ?» አሉና መሮውን አነሱ። መጀመሪያ አፍንጫዋ ሄደ።

በቀጣዩ ክረምት ጋሼ ኡላቭ ሞቱ፤ ፊቷን የሚያውቁት እጆች አብረው ተቀበሩ። አባቴን ብጠይቀው ተነስቶ ይወጣል፣ እኔ ያየሁትም ከዓመት ዓመት እየደበዘዘብኝ ሄደ።

ያኔ አንድ ፎቶ ሳይኖረን እናቴን የሚያውቅ ሰው ጓሯችን ነበር፤ ዛሬ ስልኬ በራሴ ፎቶ ተጨናንቋል። ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ ስመለስ የመቃብሯን መስቀል በመዳፌ እየዳሰስኩ አፍንጫዋ የነበረበትን እፈልጋለሁ። ምንም የለም፣ ልሙጥ ነው። ጋሼ ኡላቭ ሥራቸውን በደንብ ነበር የሚሠሩት።